ኳስ ሳይዙ መንገድ መዝጋት

ለእያንዳንዱ ነገር ሽማግሌ መቀመጥ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ቤዝቦል አይጫወት፤ አያጫውትም ደግሞ። ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። እንዲበርድም አልፈልግም። ንዴት ሲበርድ ሰው ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ሰው ደግሞ ያየውን እንዳላየ ማውራት ይጀምራል። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

ዕድሜዬን በሙሉ መርካቶ ውስጥ ሳልባጅ ልብስ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የረገጥኩት ልጆቼን ላስመዘግብ ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛ የለቀምኩት ኮት አንገት ላይ ከሚሰፋ ጨርቅና ጠርዙን አይጥ ከበላው መዝገበ ቃላት ነው። ራዲዮ እጠግናለሁ። የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ እገጥማለሁ፤ የሚተርፍ ብሎን የለም። ይህን ስናገር አላፍርም። መርካቶ ውስጥ ሰው ለራሱ ካልመሰከረ ማንም አይመሰክርለትም።

ቤዝቦልንም ማንም አላስተማረኝም። አንድ ቀን የሳልባጅ ቦንዳ ስፈታ ከክረምት ጃኬቶቹ መሀል አንድ የቆዳ ጓንት ወጣ። ጣቶቹ እንደ ሙዝ የወፈሩ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል በጠፍር የተጠለፈ ኪስ ያለው። ጎረቤቶቼ ከበቡኝ። አንዱ "የዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ትኩስ መጥበሻ ማውጫ" አለ። ሌላው "የለም፣ የንብ አናቢ ነው" ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው በእጁ አጥልቆ ፊቴን እንደ ቦክሰኛ ሊመታኝ ቃጣው። ሳቁ፤ ሄዱ። እኔ ግን የማላውቀው ነገር ሱቄ ውስጥ አድሮ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጠይቄ ጠይቄ የምን ጨዋታ እንደሆነ ደረስኩበት። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የጨዋታውን ሕግ የያዘ መጽሐፍ አስፈልጌ ገዛሁ። አንድ ክረምት ሙሉ፣ ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ እኔ ከመዝገበ ቃላቴ ጋር ተቀምጬ ቃል በቃል ፈታሁት። ኋላ ስልክ ላይ የሚታይ ነገር ሲመጣ የውጭ ዳኞችን ውሳኔ አይቼ ሲሳሳቱ የማርም ሆንኩ። ከአብነት እስከ ዱባይ ተራ ይህን ሕግ እንደኔ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ፤ እንቀመጥ።

ስለዚህ ከአብነት ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ አንድ ወጣት አሰልጣኝ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ቤዝቦል ማስተማር ሲጀምር፣ ዳኛ ፍለጋ የመጣው እኔ ጋ ነው። ወደ ማን ይሂድ? ሱቁን ልጆቼ ይዘውታል፤ እሁድ ጠዋት ሥራ የለኝም። ሜዳው በሥራ ቀን የጭነት መኪና ማደሪያ ነው። እሁድ መኪኖቹ ሲወጡ የናፍጣ ኩሬና የበሰበሰ ጥቅል ጎመን ትተውልን ይሄዳሉ። ልጆቹ ጎመኑን በእግራቸው ገፍተው፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ አራት ቦታ ያስቀምጣሉ። ቤዝ ማለት ያ ጆንያ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ የሚያስፈልገውን ያህል ላስረዳ። አንደኛው ጆንያ ላይ የቆመ ሯጭ፣ ኳስ ወርዋሪው ኳሱን ወደ መቺው ሲለቅ፣ ማንም ሳይጠራው ተነስቶ ወደ ሁለተኛው ጆንያ መሮጥ ይችላል። ይህን ቤዝ መስረቅ ይሉታል፤ ኃጢአት የለበትም፣ እንዲያውም ጀግንነት ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው ተቀባይ ኳሱን ቀልቦ ወደ ሁለተኛው ጆንያ ይወረውራል። እዚያ የሚጠብቀው ተጫዋች ኳሱን ይዞ፣ ሯጩ ጆንያውን ሳይነካ ቀድሞ በኳሱ ከነካው ሯጩ ከጨዋታ ወጣ፤ አውት ነው። ሯጩ ከቀደመ ሴፍ ነው።

አሁን ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ጠባቂ የት ይቁም? ሕጉ ግልጽ ነው። ኳስ በእጁ ያልያዘ፣ የደረሰ ኳስም እየቀለበ ያልሆነ ሰው የሯጭን መንገድ መዝጋት አይችልም። ከጆንያው ጎን ይቁም፣ ከኋላው ይቁም፣ ካሻው እግሩን ከፍቶ ጆንያውን በመሀል ያድርገው፤ ሯጩ የሚመጣበት የፊት ጠርዝ ግን ክፍት መሆን አለበት። ኳሱ እጁ ከገባ በኋላ እንደ ግንብ ቢቆም መብቱ ነው። ከዚያ በፊት ጉልበቱን ጠርዙ ላይ ካሳረፈና ሯጩ ከተጋጨበት፣ ዳኛው እጁን አንስቶ ጨዋታውን ያቆማል፤ ሯጩም የሚሮጥለትን ቤዝ ያገኛል። ሆን ብዬ ነው፣ ሳላስብ ነው፣ አይጠየቅም። ሕጉ ልብ አይመረምርም፤ እግር ነው የሚያየው።

ይህን ለልጆቹ በአፍ ብቻ አልነገርኳቸውም። አመድ አምጥቼ መሬት ላይ መስመር አስምሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጎንበስ ብዬ፣ አቋቋሙን አሳይቻቸዋለሁ። ስለዚህ "አላወቅንም" የሚል ቢኖር ይዋሻል።

ከልጆቹ ሁሉ ዓይኔ ያረፈባት አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ አትክልት ተራ ሽንኩርት ታከፋፍላለች፤ እሷም ከንጋት ጀምሮ እናቷን ስታግዝ ቆይታ ሜዳ የምትመጣው እየሮጠች ነው። ጋሪ በጋሪ ላይ በሚተራመስበት መሀል ስትሽሎከለክ ያደገች ስለሆነች ከቆመችበት ስትነሳ አታያትም፤ ከተነሳች በኋላ ነው የምታያት። ፀጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ የሽንኩርት ቅርፊት አይጠፋም።

ሁለተኛውን ቤዝ የሚጠብቀው ልጅ ደግሞ ዱባይ ተራ ትልቅ የጫማ ሱቅ ያለው ነጋዴ ልጅ ነው። ልጁ አይከፋም፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ኳስ አይጥልም። አባቱ ለቡድኑ ጓንቶቹንና ማሊያውን የሰጠ ሰው ነው። በየእሁዱ ሜዳው ዳር ቆሞ "መንገድ አትስጥ! መንገድ አትስጥ!" እያለ ይጮሃል። ሱቁም እንደዚያው ነው። መተላለፊያው ላይ ሁለት ጎረምሳ ያቆማል፤ ሰው ሊያልፍ ሲል ግራና ቀኝ ይዘጉበታል፤ "ግቡ፣ ቁጥር ስንት ነው?" እያሉ። ጫማ ያላሰበ ሰው ጫማ ይዞ ይወጣል። እኔም ነጋዴ ነበርኩ፤ ገዢን ግን በደረቴ ገፍቼ አላውቅም። ዕቃዬ ይጠራው ነበር።

አሰልጣኙ የተወሰኑ ልጆችን ሀዋሳ ይዞ ሊሄድ ነበር። ከየከተማው የሚመጡ ወጣቶች አብረው የሚሠለጥኑበት ቦታ ነው፤ እዚያ የታየ ልጅ ወደፊት በር ይከፈትለታል። መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። ለዚያ ቦታ የቀሩት ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

እሁድ ጠዋት አሰልጣኙ ልጆቹን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ "እሷ ፈጣን ናት፤ በልምምድ አይቻለሁ። በጨዋታ ላይ ግን ጥሩ ጠባቂ ባለበት ሰርቃ አላየሁም። ዛሬ ሁለተኛ ቤዝን ከሰረቀች ቦታው የእሷ ነው። ካልቻለች የእሱ።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞር ብላ "ጋሼ፣ ዛሬ እሰርቃለሁ!" አለችኝ።

"ስረቂ። ፖሊሱ እኔ ነኝ።"

ልጁ ከሁለተኛው ጆንያ ላይ ሆኖ "ሽንኩርቷ! ዛሬ ታለቅሻለሽ!" አላት።

"ሽንኩርት የሚያስለቅሰው የሚልጠውን ነው!" አለችው። ሜዳው ዳር የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። አባቱ ብቻ አልሳቀም።

ማታውን ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ያንሸራትታል። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ተራዋ ደረሰ። ኳሱን ዝቅ አድርጋ መትታ አንደኛ ቤዝ ደረሰች። እዚያ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። እኔ ከወርዋሪው ኋላ፣ ሁለተኛውን ጆንያ ቁልጭ አድርጌ ከማይበት ቦታ ነበርኩ። ዓይኔ እንደ ሌሎች ሽማግሎች አልደከመም፤ መርፌ ውስጥ ክር ዛሬም ራሴ ነው የማስገባው።

ወርዋሪው ኳሱን ሲለቅ ተነሳች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ነው ሰዎች "ሄደች! ሄደች!" ብለው የጮሁት። ተቀባዩ ኳሱን ቀልቦ ተነሳ። እሱ ገና እጁን ወደ ኋላ ሲስብ፣ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ፣ ያ ጠባቂ ልጅ ግራ ጉልበቱን አጥፎ ጆንያው ፊት ላይ አስቀመጠ። ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። እሷ በደረቷ ተንሸራታ ቀኝ እጇን ዘረጋች። እጇ ጆንያውን አላገኘም፤ የልጁን ቅልጥም አገኘ። የጣቶቿ መታጠፍ እኔ ከቆምኩበት ታየኝ። ኳሱ ከዚያ በኋላ ነው የደረሰው፤ ከፍ ብሎ መጣ፣ ልጁ ዘሎ ቀለበው፣ ተመልሶ መሬት ላይ የተጠቀለለችውን ልጅ ትከሻዋን ነካትና "አውት!" ብሎ ጮኸ።

ሁለት እጄን አነሳሁ። "መንገድ ተዘግቷል! ኳስ የለም! ሁለተኛ ቤዝ የእሷ ነው!"

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። የትም አገር እዚህ ላይ ያልቃል።

አባትየው ጭቃውን በሚያብረቀርቅ ጫማው እየመረጠ ሜዳው ውስጥ ገባ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄ ምን አጠፋ? መታት? ገፋት? ቆመ እንጂ!"

"መቆሙ ነው ጥፋቱ።"

"በገዛ ቦታው መቆም ጥፋት ሆነ?"

"ቦታው የእሱ የሚሆነው ኳሱ እጁ ሲገባ ነው።"

"ኳሱ እየመጣ ነበር እኮ!"

"ዕቃህ ገና ጅቡቲ ወደብ ላይ ሳለ፣ እየመጣ ነው ብለህ ገዢውን በር ዘግተህበት ታሳድረዋለህ?"

ሰው አውካካ። አባትየው ፊቱ ቀላ። በዚያች ሰዓት ሕጉ አሸንፎ ነበር። ልጅቷ በግራ እጇ ቀኝ እጇን ደግፋ፣ ሁለተኛው ጆንያ ላይ ቆማ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። ሁለቱ ጣቶቿ ማበጥ ጀምረዋል። ቢሆንም ቆማለች። ቤዙ የእሷ ነው። ሀዋሳም የእሷ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሜዳው ዳር ካለው ግንብ ሥር ሽማግሎች የተነሱት።

ሦስት ናቸው፤ ሁሉም እኩዮቼ። አንዱ ሸማ ነጋዴ የነበረ፣ አንዱ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ አንዱ ቆርቆሮ ሲሸጥ የኖረ። በየእሁዱ ፀሐይ ሊሞቁ ይመጣሉ። ከጨዋታው አንድ ነገር አይገባቸውም፤ ኳሱ ርቆ ሲሄድ ያጨበጭባሉ፣ በቃ። አሁን ግን ፊታቸው ላይ የማውቀው ደስታ መጣ። መርካቶ ውስጥ ያረጀ ወንድ ሁለት ሰው ሲጣላ ካየ ጉልበቱ ይመለሳል። ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ።

"ኧረ ተዉ፣ ኧረ ተዉ!" አለ ሸማ ነጋዴው። "በእሁድ ቀን! ልጆች አይደሉም እንዴ? አንድ ሰፈር ልጆች!"

"ማንም አልተጣላም" አልኩ። "ውሳኔ ተሰጥቷል።"

"አንተ ደግሞ ሕግ ሕግ አትበል" አለኝ ሾፌሩ። "ልጅቷ እጇ ተጎድቷል። ልጁ ደንግጧል። አባት ተቀይሟል። ይህን በፊሽካ ታልፈዋለህ?"

ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ሊወስደኝ ሞከረ። ክንዴን ነጠቅሁት። እነሱ ግን ቀድመውኝ ነበር፤ ሁለቱን ልጆች መሀል ሜዳ ላይ ትይዩ አቆሟቸው፣ ሰው ከበበ፣ እኔ ከክበቡ ውጭ ቀረሁ። የዳኛውን ፊሽካ በአንገቴ አንጠልጥዬ ከክበቡ ውጭ!

ቆርቆሮ ነጋዴው ልጁን "ተናገር የኔ ልጅ፤ ምን አድርገህ ነው?" አለው። ድምፁ እንደ ማር ነው።

ልጁ ጎንበስ ብሎ "መንገድ ዘግቼባት ነው። ጉልበቴን አስቀድሜ አስቀመጥኩ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ" አለ።

ሁላችሁም ሰማችሁ? እኔም ሰምቻለሁ። "ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። "ራሱ አመነ! ጉልበቴን አስቀድሜ አለ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?"

ሸማ ነጋዴው ዞሮ እንደ ባለጌ አየኝ። "በዕርቅ ላይ የተነገረ ቃል ለክስ አይሆንም። ነውር ነው። ልጁ ለሰላም ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ አንተ ልትይዘው ትሮጣለህ?"

እስኪ ልብ በሉ። ጥፋቱን ስላመነ ጥፋቱ ጠፋ። ቢክድ ኖሮ ሕጌ ይይዘው ነበር፤ ስላመነ ማንም አይነካውም። የሰው ልጅ ውሸት ሲናገር አይቻለሁ፤ እውነትን ራሷን እንዲህ አጥቦ የሚያደርቅ ሰው ግን መርካቶ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። "ልጄ፣ ሽበታችንን አይተሽ።" "ስለ እግዜርም ስለ አላህም ብለሽ አውፍ በይው።" "ነገ ወንድምሽ ነው።" እሷ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ዝም ስትል ጊዜ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ እልኸኛ ናት የሚል ማጉረምረም። ጣቷ ያበጠው እሷ፣ እልኸኛዋም እሷ!

እናቷን ከአትክልት ተራ ጠርተው አመጧት። ሴትየዋ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ እየሮጠች መጥታ፣ የልጇን እጅ አየች፣ "ወየው" አለች፤ ቀጥሎ ግን ዓይኗ የከበበውን ሰው፣ ሽማግሎቹን፣ ያን ባለሱቅ አየ። ፊቷ ተለወጠ። ልጇን ጠጋ ብላ "ይቅር በይው" አለቻት። "ሽማግሌ አቁመሽ አታዋርጂኝ። ስድ አሳደገች ታስብይኛለሽ?"

ልጅቷ አየችኝ። በክበቡ መሀል፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። "አትበይ!" ብዬ ጮህኩ። "ይቅርታውን ነገ ታደርጊዋለሽ! ቤዙ ላይ ቁሚ!"

አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታ ምን ታድርግ። "ይቅር ለእግዜር" አለች። ልጁ ጎንበስ ብሎ የሽማግሎቹን ጉልበት ሳመ፣ የእናቷንም ሳመ። እናቲቱ እልል አለች። ጭብጨባ ሆነ። አባትየው ዓይኑን በመሀረብ ጠረገ። ከልቡ ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ። ሁሉም ከልባቸው ነበሩ።

አሰልጣኙ ወደ እኔ መጣ። ሲመጣ እግሩ ይጎተታል። "ጋሼ፣ እንግዲህ ታርቀዋል። ሽማግሎቹ ለሁለቱም እንዳይከፋ ይደገም ብለዋል። እሷ ወደ አንደኛ ቤዝ ትመለስ፤ እንደገና ትስረቅ። እኩል ዕድል ነው።"

"እኩል? እጇን አይተሃል?"

"አይቻለሁ። ግን ሁሉም ተስማምቷል።"

"እኔ አልተስማማሁም።"

"እርስዎ እኮ ዳኛ ነዎት ጋሼ፤ ተከራካሪ አይደሉም" አለኝ። እኔን! አመድ ዘርግቼ ያስተማርኩትን እኔን!

ፊሽካዬን ጥዬ ልሄድ ነበር። አልሄድኩም። ከሄድኩ አባትየው ወይም ከሦስቱ አንዱ ይዳኛል፤ ያን ጊዜ ኳሱ የት እንደሆነ እንኳ የሚያይ ሰው አይኖርም። እኔ ካለሁ ቢያንስ አንድ የሚያይ ዓይን አለ። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ልጅቷ አንደኛው ጆንያ ላይ ቆመች። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛለች። ወርዋሪው ለቀቀ፤ ተነሳች። አሁንም ፈጣን ናት። ያን ጊዜ ወደ ልጁ አየሁ፤ በእግዜር ስም እላችኋለሁ፣ ልክ እንዳስተማርኩት ነበር የቆመው። እግሩ ከጆንያው ጎንና ጎን፣ የፊቱ ጠርዝ ክፍት፣ ጓንቱ ብቻ ወደ ፊት የተዘረጋ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ይመስላል። ኳሱ ቀጥ ብሎ መጣ፣ ጓንቱ ውስጥ ገባ። እሷ በቀኝ እጇ መድረስ ስላልቻለች ዞር ብላ በግራ እጇ ለመድረስ ሰፊውን መንገድ ያዘች፤ ያ መንገድ ረዘመባት። ጣቷ ጆንያው ጫፍ ሊደርስ ሲል ጓንቱ ክንዷን ነካት።

ንጹሕ ነበር። እንከን የለውም። የሚያበላሸውን ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ሁሉም እኔን ያያሉ። "ሴፍ" ብል ማንም ከሽማግሎቹ አይከራከረኝም ነበር፤ ጨዋታው አይገባቸውማ። ግን እኔ ላደላላት ብዬ ሕግ የማጠፍ ሰው አይደለሁም። እነሱን የምጸየፍበት ይህ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልመስላቸው? ቀኝ እጄን ጨብጬ አነሳሁ። "አውት" አልኩ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ አፌ ውስጥ ግን እንደ ግማት ቀረ።

ሸማ ነጋዴው አጨበጨበ። "ተመስገን! ዳኝነት ማለት ይኸ ነው፤ ማንም ሳይከፋ!" አለ። ማንም ሳይከፋ። ልጅቷ ጭቃውን ከጉልበቷ በግራ እጇ ትጠርግ ነበር።

አባትየው ሁሉንም ምሳ ጋበዘ። ሽማግሎቹ ከፊት ከፊት ሄዱ፣ እናቲቱም "ግብዣ አይገፋም" ብላ ልጇን ይዛ ተከተለች። እኔ አልሄድኩም። በዚያ ማዕድ ላይ የሚቀርበውን ጥብስ ከመብላት የሜዳውን ጎመን ብበላ እመርጥ ነበር። ልጁ ያን ሳምንት ሀዋሳ ሄደ። ሽማግሎቹ ደግሞ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እኔን ከባለሱቁ ጋር ሊያስታርቁ ቤቴ መጡ!

"ተቀይመሃል አሉ" አለኝ ሾፌሩ።

"አልተቀየምኩም። ተጸይፌያለሁ።"

"ያው ነው፤ ይቅር በለው።"

"ያው አይደለም። የተቀየመ ሰው ይታረቃል። የተጸየፈ ሰው እጁን ይታጠባል።" ሻይ እንኳ ሳላቀርብ ሸኘኋቸው። ሲወጡ ቆርቆሮ ነጋዴው "ሰውዬው አርጅቷል" ሲል ሰማሁት። ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ነው።

ከዚያ በኋላ አትክልት ተራ ሄድኩ። ቲማቲም ለመግዛት ነበር የሄድኩት፤ ልጅቷን ለማየትም ነበር። መኪኖቹ ገና እያራገፉ ናቸው፤ መሬቱ የተረገጠ ቲማቲምና ጭቃ ነው። እናቲቱ "ጋሼ! እኔ ልምረጥልዎ፣ ይሄኛው ለስልስ የሚሆን ነው" ብላ ተቀበለችኝ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ልጅቷ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ የበሰበሰውን ከደህናው ትለያለች። ሁለቱ ጣቶቿ በጨርቅ ታስረዋል።

"ሲሻልሽ ነይ" አልኳት። "እግርሽን ማንም አልወሰደብሽም። ሌላ ጉዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ትሰርቂያለሽ።"

"እመጣለሁ ጋሼ። መሮጥ ግን ትቻለሁ።"

"ታዲያ ምን ልትሆኚ?"

"ሁለተኛ ቤዝ ላይ መቆም ነው የምፈልገው።"

ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ከልቤ ደስ አለኝ። "መልካም! ጥሩ ሐሳብ ነው! አቋቋሙን አሳይሻለሁ። የፊቱ ጠርዝ ክፍት ሆኖ፣ እግርሽ…"

"እሱን አውቀዋለሁ ጋሼ" አለችኝ። "እሱን አይደለም። ኳሱ ሳይመጣ የሚቆመውን።"

መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለኝ። "መዝጋቱን? አንቺ? ጣትሽን እያየሽ?"

"እርስዎ ፊሽካ ይነፉብኛል። እኔ ደግሞ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ" አለችና ትከሻዋን ነቀነቀች። "ከዚያ ይደገማል። የተጋጨችብኝ ልጅ ያን ጊዜ እንደ መጀመሪያው አትሮጥም።"

ይህን ማንም አላስተማራትም። ቆማ አይታ ብቻዋን ተማረችው፤ እኔ መጽሐፉን እንደተማርኩት።

"አላሳይሽም" አልኳት።

"ግድ የለም፤ አይቼዋለሁ።"

ከጆንያው ላይ ተነሳችና፣ እዚያው መተላለፊያው መሀል፣ ግራ ጉልበቷን አጥፋ ጭቃው ላይ አሳረፈችው። ልክ እንደ ልጁ። እንዲያውም ከልጁ ይሻል ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያልፍ ክፍተት የሌለው። በዚያች ሰዓት ጎመን የተሸከመ ወዛደር "መንገድ! መንገድ!" እያለ መጣ። አልተነሳችም። ሰውዬው ሊወድቅ ደርሶ ተንገዳገደ፣ ዞሮ በኩሬው ውስጥ አለፈ፣ እየተራገመ።

"ይቅርታ ወንድሜ!" አለችው፣ ጉልበቷን ሳታነሳ።

እናቷ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። "ጎበዝ! ማን ያልፍሻል!" አለቻት፤ ሳቋን ሳትጨርስ ወደ እኔ ዞራ ቲማቲሙን የሞላችበትን ፌስታል ዘረጋችልኝ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም።